ስለ ሃርድ ሮክ ድምፃዊቷ ስትጽፉ ድምፅዋን አዳምጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኪነ ጥበብ ዐምዳችሁ በቅርቡ ያወጣችሁትን፣ በሴት ድምፃዊት ስለሚመራ አንድ ዘመናዊ የሃርድ ሮክ ባንድ የሚያትተውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ዐምዱ ለዚህ የሙዚቃ ስልት ቦታ መስጠቱ አስደስቶኛል፤ ጸሐፊውም ለሙዚቃው ፍቅር ያላቸው ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ይሁን እንጂ የባንዱን የኮንሰርት ቅጂ ተመልክተው ስለ ጊታሩ፣ ስለ ከበሮውና ስለ መድረኩ መብራት በዝርዝር የጻፉት እኒሁ ሰው፣ ከድምፃዊቷ ሲደርሱ ብዕራቸው ወደ አለባበሷና ወደ ቁመናዋ አዘንብሎ፣ ስለ ድምፅዋ የሰፈረው ከዚያች ቀጭን ሰውነት ያን የሚያህል ጩኸት መውጣቱ ተአምር እንደሚያሰኝ የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ሥራዬ ድምፅ ማሠልጠን ስለሆነ የምለው ነገር ከዚያው ከሙያዬ የመነጨ ነው። በሃርድ ሮክ መድረክ ላይ የምንሰማው ኃይለኛ የሴት ድምፅ በልምምድ የተገነባ፣ አሠራሩ የሚታወቅ፣ በቃላትም ሊገለጽ የሚችል ሙያ ነው። ጩኸት ነው ወይም ተአምር ነው ብሎ ማለፍ ድምፃዊቷ የሠራችውን ሥራ ይነፍጋታል፤ አንባቢውም ምን እንደሰማ ሳያውቅ ይቀራል።

ጉዳቱ በአንባቢው ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ሮክ መዝፈን ፈልገው ወደ እኔ የሚመጡ ወጣት ሴቶች አብዛኞቹ ይህንኑ አባባል ሰምተውና አምነው ነው የሚመጡት። ማይክራፎን ፊት ሲቆሙ ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ አገጫቸውን ወደ ፊት ገፍተው፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ድረስ አየሩን በኃይል ይለቁታል። የመጀመሪያው ስንኝ ያምራል፤ አዝማቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ድምፁ መሻከር ይጀምራል፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ጉሮሯቸውን በእጃቸው ሲዳስሱ አያለሁ። ከእነሱ መካከል ሐኪም ዘንድ ሄደው በድምፅ አውታራቸው ላይ እባጭ መውጣቱ የተነገራቸው አሉ። ይህ ዓይነቱ እባጭ የሚፈጠረው አውታሮቹ ያለ አግባብ በኃይል ሲጋጩ በመክረማቸው ሲሆን፣ በዕረፍትና በትክክለኛ ልምምድ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ሆኖም ገና ለጋ የሆነች ልጅ ድምፄን ለዘለዓለም አጣሁት ብላ ስታለቅስ ማየት ልብ ይሰብራል። በአንጻሩ ደግሞ እንዲህ ያለው ድምፅ ለተመረጡ ብቻ ከላይ የሚሰጥ ነው ብለው በማመን፣ እኛ አልታደልንም በሚል ገና ሳይጀምሩ የሚተዉም ብዙዎች ናቸው።

እስቲ ድምፃዊቷ በእርግጥ የምታደርገውን ነገር ቀረብ ብለን እንመልከተው። የድምፅ አውታሮች በማንቁርት ውስጥ የሚገኙ፣ በሴቶች ላይ ርዝመታቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሁለት የሥጋ እጥፋቶች ናቸው። አንዲት የሮክ ድምፃዊት አዝማቹ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትይዝ እነዚህ እጥፋቶች በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ500 እስከ 650 ጊዜ ያህል ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉም። በዚያ ፍጥነት ላይ አየር በብዛት መልቀቅ አውታሮቹን ከማላላትና ከማድረቅ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ጥሩ ድምፃዊት የጎድን አጥንቶቿን ወደ ጎን ከፍታ ትይዛለች፤ የታችኛው ሆዷ ጡንቻዎች አየሩን እየቆጠቡ ይገፉታል፤ አውታሮቹም ተከፍተው ከሚቆዩበት ይልቅ ገጥመው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ ተመልካቹ ሳንባዋ ተሟጦ ወጣ ብሎ በሚያስብበት ቅጽበት ከአፏ የሚወጣው አየር ጥቂት ነው። በሙያው የበሰለችን ድምፃዊት ከቅርብ የተመለከተ ሰው፣ ትከሻዋ ባለበት እንደሚቆይ፣ መንጋጋዋ እንደላላ፣ ከረጅሙ ኖታ በኋላም እንደማታለከልክ ያስተውላል። አንገቷ ላይ የተገተረ ሥር ካየ ግን በዚያች ሌሊት አንድ ነገር እየተበላሸ መሆኑን ይወቅ።

ጸሐፊው ጩኸት ያሉት ምናልባት ያንን ሻካራ፣ የሚያቃጥል የሚመስል ቃና ይሆናል። እርሱም የራሱ አሠራር አለው። ከእውነተኞቹ የድምፅ አውታሮች ከፍ ብሎ ሐሰተኛ አውታሮች የሚባሉ ሌሎች ሁለት እጥፋቶች ይገኛሉ፤ ስንነጋገር በአብዛኛው ዳር ይዘው ነው የሚቀመጡት። ድምፃዊቷ እነዚህን ወደ መሃል አቅርባ እንዲርገበገቡ ስታደርግ ሻካራው ቃና ይፈጠራል፤ ከሥር ያሉት እውነተኞቹ አውታሮች ግን ኖታውን በትክክል መያዛቸውን ይቀጥላሉ። ማረጋገጫው በጆሮ የሚገኝ ነው። ሙያዋን የምታውቅ ድምፃዊት አንድን ረጅም ኖታ በንጹሕ ድምፅ ትጀምረውና መሃሉ ላይ ሻካራውን ትደርብበታለች፤ ከዚያም ሻካራውን አንሥታ ያንኑ ኖታ ሳታዛንፍ በንጹሕ ድምፅ ትዘጋዋለች። በጉሮሮው እየታገለ የሚጮኽ ሰው ይህን ማድረግ አይቻለውም፤ ከሻካራው በኋላ ወደ ንጹሑ ልመለስ ቢል ድምፁ ይሰነጠቃል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ጸሐፊው ያንኑ ቅጂ መልሰው ቢያዳምጡትና በተለይ የአዝማቾቹን መጨረሻ ልብ ቢሉ፣ ይህን ልዩነት ያለ ማንም እገዛ ይሰሙታል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ሳይነሣ የታለፈው ጉዳይ ይህ ድምፅ ከምን ጋር እየተጋፋ እንደሚወጣ ነው። ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ማሳመሪያ) ያለበት የኤሌክትሪክ ጊታር የሰው ድምፅ የሚኖርበትን መካከለኛውን የድምፅ ክልል ከሞላ ጎደል ይሸፍነዋል፤ የከበሮው ሲምባሎች (የናስ ሳህኖች) ደግሞ ከዚያ በላይ ያለውን ያለብሱታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ መድረክ ላይ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚያ መሃል ጉልበት እየጨመሩ መሄድ መጨረሻው መሸነፍ ነው። የሰው ጆሮ ከሁሉ ይልቅ ስል የሚሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት) ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ የሠለጠነች ድምፃዊት ከድምፅ አውታሮቿ ከፍ ብሎ ያለውን ጠባብ ቦታ ይበልጥ በማጥበብ የድምፅዋን ኃይል ወደዚያው ትሰበስበዋለች፤ ድምፅዋ በጊታሩ ግድግዳ ውስጥ እንደ ወስፌ ሾልኮ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሚክሰሩ (የድምፅ መቀላቀያ መሣሪያው) ላይ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ በእጅጉ ያግዛታል እንጂ ያልነበረውን ሊፈጥርላት አይችልም፤ ደካማ ድምፅ በማጉያ ሲጎላ ከኋላዋ ያለው ከበሮም በማይክራፎኗ ገብቶ አብሮ ይጎላልና። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የሃርድ ሮክ ድምፃውያት ራሳቸው ጊታር ይጫወታሉ። ክብደቱ 4 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ መሣሪያ ከትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እጅ አንዱን ምት ድምፅ ደግሞ ሌላውን እየቆጠረ፣ የጎድን አጥንትን እንደ ልብ ከፍቶ መተንፈስ ምን እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል።

ለዚህ ሁሉ አብነት አድርጌ የማቀርባት ሄይልስቶርም የተባለውን የአሜሪካ ሃርድ ሮክ ባንድ ድምፃዊትና ጊታሪስት ሊዚ ሄይልን ነው። ሊዚ ባንዱን እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት ሬድ ላየን በምትባል ትንሽ ከተማ ስትጀምር ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከበሮ መቺው ወንድሟ አርጄይ ደግሞ የ10 ዓመት። በመጀመሪያው ጊዜ ቤዝ ጊታር ይጫወቱላቸው የነበሩት አባታቸው ናቸው። ጊታሪስቱ ጆ ሆቲንገር እ.ኤ.አ. በ2003፣ ቤዝ ተጫዋቹ ጆሽ ስሚዝ ደግሞ በ2004 ተቀላቅለዋቸው፣ አራቱ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ሳይለያዩ ዘልቀዋል። የመጀመሪያው ሙሉ አልበማቸው ለአድማጭ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከልጅነት እስከዚያ አልበም ድረስ ያለፉትን 12 ዓመታት ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ድምፅዋ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ ሰው ሁሉ ስሟን ከማወቁ በፊት ስትዘፍን፣ ስትጽፍና ስትጫወት ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንዱ በሃርድ ሮክና ሜታል ዘርፍ ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። ጊብሰን የተባለው የጊታር አምራች እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያዋ ሴት የምርቱ አምባሳደር አድርጎ ሲሰይማት፣ የሰየማት በእጇ ሥራ ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ስኪድ ሮው የተባለው ባንድ ድምፃዊ ባጣ ጊዜ ለአራት ኮንሰርቶች ቦታውን ሸፍናለታለች፤ እነዚያ ዘፈኖች ለወንድ ድምፅ የተጻፉና ወንዶቹንም ጭምር የሚፈትኑ ከፍታዎች ያሉባቸው ናቸው። ስለዚህች ሴት ለመጻፍ የተነሣ ጋዜጠኛ ስለ ቆዳ ጃኬቷ ለማውራት ቦታ የሚተርፈው አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እንደ አዲስ መደነቃችንም ታሪክን ካለማስታወስ የሚመጣ ነው። አሜሪካዊቷ የመንፈሳዊ መዝሙር ድምፃዊትና ጊታሪስት ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የኤሌክትሪክ ጊታሯን አንግታ፣ በኋላ ሮክ ኤንድ ሮል የተባለውን ስልት ገና ስም ሳይወጣለት ትጫወተው ነበር፤ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የገባችው ግን ካረፈች ከ45 ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኤልቪስ ፕሬስሊን እ.ኤ.አ. በ1956 ካገነኑት ዘፈኖች አንዱን የብሉዝ ድምፃዊቷ ቢግ ማማ ቶርንተን በ1952 በዚያ ጥልቅና ሻካራ ድምፅዋ ቀድታው ነበር። የሮክ ድምፃዊቷ ጃኒስ ጆፕሊን በ27 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1970 ስታርፍ፣ የሃርት ባንድ ድምፃዊት አን ዊልሰን በዚያው ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ተከታትላ ብቅ አለች። ስከንክ አናንሲ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ድምፃዊት ስኪን እ.ኤ.አ. በ1999 ታላቁን የእንግሊዝ የሙዚቃ በዓል፣ የግላስተንበሪን ፌስቲቫል፣ ከባንዷ ጋር በዋና ተጫዋችነት ዘግታዋለች። ከ70 ዓመታት በላይ የዘለቀን ነገር ዛሬም እንደ ድንገተኛ ክስተት አድርጎ መጻፍ ለእነዚህ ሁሉ ሴቶች ተገቢውን ክብር መንፈግ ነው።

ይህ መደነቅ በሥራቸው ላይ ተጨባጭ እንቅፋት የሆነባቸው ጊዜ መኖሩንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ኢቫኔሰንስ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያ አልበሙን ሊያወጣ ሲዘጋጅ፣ አሳታሚው ኩባንያ ወንድ ድምፃዊ በቋሚነት ይጨመር የሚል ግፊት አድርጎ እንደነበር ድምፃዊቷ ኤሚ ሊ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግራለች። ኤሚ ሊ አሻፈረኝ አለች፤ በመጨረሻ በአንድ ዘፈን ላይ ብቻ የእንግዳ ወንድ ድምፅ እንዲገባ ተስማሙና ባንዱ በዓለም የታወቀበት ዘፈን በዚያው መልክ ወጣ። አልበሙ ኩባንያው እንደሰጋው አልሆነም። በቀጣዩ ዓመት ባንዱ የምርጥ ሃርድ ሮክ ሥራና የምርጥ አዲስ አርቲስት የግራሚ ሽልማቶችን ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አልበሙ በአሜሪካ ብቻ የ10 ሚሊዮን ቅጂ ምስክር ወረቀት አገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሰሜን አሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያዎች ሁለት ሴት ድምፃውያንን አከታትሎ ማሰማት አድማጭ ያሸሻል የሚል ያልተጻፈ ደንብ ነበራቸው፤ የኮንሰርት አዘጋጆችም ሁለት ሴቶችን በአንድ መድረክ ማቅረብ አይወዱም ነበር። ካናዳዊቷ ሣራ ማክላክለን ሊሊት ፌር የተባለውን በሴት ሙዚቀኞች የተሞላ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረችው ይህንኑ ለመስበር ነበር። ልጅቷ ሊዚ በሬድ ላየን ባንድ ያቋቋመችው በዚያው ዓመት መሆኑን ሳስብ፣ ያኔ በየጣቢያው በር ላይ ምን ዓይነት አስተሳሰብ ይጠብቃት እንደነበር ይታየኛል።

በሙያው ያሉ አንዳንድ ወዳጆቼ፣ ስለ ሴትነቷ መጻፍ ምን ነውር አለው፣ መንገዱ ከወንዶቹ ይልቅ ለእሷ አባጣ ጎርባጣ ከነበረ ሊነገር ይገባል ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ከላይ የዘረዘርኩት እሱኑ ነው። ነገር ግን ያ ታሪክ የሚነገረው ማን ምን እንደከለከላት፣ እሷስ ምን ብላ እንደመለሰች በመጻፍ ነው። የወገቧን ቅጥነት ከድምፅዋ ትልቅነት ጋር በማነጻጸር የሚገኝ ዕውቀት የለም፤ የድምፅ መጠን ከሰውነት ግዝፈት ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ወሳኞቹ የአውታሮቹ አገጣጠም፣ የትንፋሹ አያያዝና ከአውታሮቹ እስከ ከንፈር ያለው ክፍት ቦታ ቅርፅ ናቸውና። እንደ ወንድ ትዘፍናለች የሚለው ምስጋናም ቢሆን፣ ቅን ልቦና ያለበት መሆኑን ብረዳም፣ ለተማሪዎቼ ባይደርሳቸው እመርጣለሁ። በዚህ ምስጋና ተታልለው ድምፃቸውን በግድ ወደ ታች እየገፉ የራሳቸውን ቃና ያበላሹ ልጆችን መልሶ ማቅናት ብዙ ወራት ይፈጃል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን በአክብሮት የምጠይቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ እንዲህ ያለች ድምፃዊት ስትጽፉ፣ ዘፈኖቹን ማን እንደጻፋቸው፣ የትኛውን ጊታር ማን እንደሚጫወተው፣ ድምፅዋ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ክልል እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ከአልበም ወደ አልበም ምን እንደጨመረችና ምን እንደተወች ለአንባቢ ንገሩት። ለወንዱ ጊታሪስት የምታደርጉትን ያህል ብታደርጉላት በቂ ነው፤ በዚያው ጽሑፍ ላይ ስለ እሱ የጣት አጣጣል አንድ ሙሉ አንቀጽ ተጽፎለታልና። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ አብሬያቸው ተቀምጬ ያንኑ ቅጂ ለማዳመጥና የምሰማውን በየቦታው ለማመልከት ዝግጁ ነኝ።

አንድ መታረም ያለበት ነጥብ ይቀረኛል። ጽሑፉ ድምፃዊቷ በየዘፈኑ መሃል ውኃ መጠጣቷን ድምፅዋ እየደከመ የመሄዱ ምልክት አድርጎ አቅርቦታል። የሚጠጣ ውኃ የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ስለሆነ የድምፅ አውታሮቹን አይነካቸውም። በመዋጥ ጊዜ ግን ማንቁርቱ ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ ዙሪያውን ያሉት ጡንቻዎች ይፍታታሉ፤ በአውታሮቹ ላይ የተጠራቀመውም አክታ አውታሮቹን እርስ በርስ የሚያጋጨው ጉሮሮ መጥረግ ሳያስፈልግ ይወገዳል። በአንድ ሌሊት አሥራ አምስት ዘፈን የሚጠብቃት፣ በማግስቱም በሌላ ከተማ ሌላ መድረክ ያላት ሴት ማድረግ የሚገባትን እያደረገች ነበር፤ ይህንንም ለተማሪዎቼ ሁሉ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ አስተምረዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድምፅ አሠልጣኝና የዘወትር አንባቢያችሁ